መዓዛቸው የሚያውድ የእንግሊዝ ጽጌረዳዎችን በቤት የአትክልት ስፍራ ማሳደግ

ጽጌረዳ የሚተክል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ችግኙን የሚመርጠው በዓይኑ ነው፤ አበባው ከፈካ በኋላ ጎንበስ ብሎ ሲያሸተው ግን ምንም ሽታ የሌለው ሆኖ ያገኘዋል። ይህ የሚሆነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጽጌረዳን ያዳቅሉ ከነበሩት ባለሙያዎች ብዙዎቹ ለቀለም ድምቀት፣ ለአገዳ ርዝመትና አበባው ከተቆረጠ በኋላ ለሚቆይበት ጊዜ ቅድሚያ በመስጠታቸው መዓዛው እየሳሳ ስለ ሄደ ነው። የእንግሊዝ ጽጌረዳ የሚባለው ወገን ይህን ጉድለት ጭምር ለመሙላት የተፈጠረ በመሆኑ፣ ከዚህ በታች ስለ ቦታ፣ ስለ አተካከልና ስለ ገረዛ የሚነሣው ሁሉ መዓዛውን በሚገባ ከማግኘት አንጻር የታየ ነው።

ስሙ አንዳንዶችን ያሳስታል። የእንግሊዝ ጽጌረዳ ማለት በእንግሊዝ አገር የበቀለ ጽጌረዳ ሁሉ ማለት አይደለም፤ ራሱን የቻለ የዕፅዋት ዝርያም አይደለም። በሽሮፕሺር አውራጃ፣ በአልብራይተን፣ በግብርና ቤተሰብ ውስጥ ያደገው ዴቪድ ኦስተን (1926–2018 እ.ኤ.አ.) ጥንታዊ ጽጌረዳዎችን ከዘመናዊዎቹ ጋር በማዳቀል ያስገኘው የቁጥቋጦ ጽጌረዳዎች ወገን ነው። ጥንታዊዎቹ አበባቸው በብዙ የአበባ ቅጠል የታጨቀና መዓዛቸውም ጥልቅ ቢሆንም አብዛኞቹ የሚያብቡት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ዘመናዊዎቹ ደግሞ ደጋግመው ማበብንና እንደ ቢጫና ብርቱካንማ ያሉ ቀለሞችን ይዘው ነበር። በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣችው የመጀመሪያዋ ጽጌረዳ፣ ኮንስታንስ ስፕራይ፣ ቤል ኢዚስ ከምትባል ጥንታዊ ጽጌረዳና ዴንቲ ሜድ ከምትባል ዘመናዊ ጽጌረዳ የተገኘች ስትሆን፣ ግሩም መዓዛ ቢኖራትም እሷም የምታብበው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደጋግመው የሚያብቡት በ1969 እ.ኤ.አ. መውጣት ጀመሩ፤ የወገኑ ስም በሰፊው የታወቀው ግን በ1983 እ.ኤ.አ. በለንደኑ የቼልሲ የአበባ ዐውደ ርእይ ቢጫዋ ግራሃም ቶማስና ሮዝ ቀለም ያላት ሜሪ ሮዝ ለሕዝብ ከቀረቡ በኋላ ነው።

ችግኝ ከመግዛት በፊት የሚወዱትን የመዓዛ ዓይነት መለየት ይጠቅማል፤ የጽጌረዳ ሽታ አንድ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነውና። የእነዚህ ጽጌረዳዎች መዓዛ በአምስት ይከፈላል። የመጀመሪያው የጥንታዊ ጽጌረዳ መዓዛ ሲሆን፣ የጽጌረዳ ሽቶ ስንል በአእምሯችን የሚመጣው ሞቅ ያለና ጣፋጭ ሽታ እሱ ነው፤ በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣችው ገርትሩድ ጂኪል ለዚህ ተወዳዳሪ ያላት አይመስለኝም። ሁለተኛው የሻይ መዓዛ ነው፤ አዲስ የተከፈተ የሻይ ቅጠል ጥቅል የሚሰጠውን ሽታ የሚያስታውስ ሲሆን በተለይ በቢጫዎቹ ላይ ይገኛል። ሦስተኛው የፍራፍሬ መዓዛ ሲሆን፣ በሌዲ ኤማ ሃሚልተን ላይ የፒርን፣ የወይንንና የሎሚን ሽታ አንድ ላይ ማግኘት ይቻላል። አራተኛው የከርቤ መዓዛ ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከርቤ ሲባል የሚጨሰውን ሙጫ የሚያውቅ ሰው ያንን ሽታ ከአበባው ቢጠብቅ ያዝናል፤ በጽጌረዳ ላይ ከርቤ የተባለው ወደ እንስላልና ወደ አኒስ የሚያደላ ቅመማዊ ሽታ ነውና። ኮንስታንስ ስፕራይ የምትታወቀው በዚሁ መዓዛ ነው። አንዳንዱ ሰው እጅግ ሲወደው ሌላው ጨርሶ አይስማማውም፤ ስለዚህ ከርቤ መዓዛ ያላቸውን ሳያሸቱ መግዛት አይመከርም።

አምስተኛው የምስክ መዓዛ ከሌሎቹ በአመጣጡ ይለያል። ሌሎቹ በዋናነት የሚመነጩት ከአበባው ቅጠሎች ሲሆን፣ ምስክ ግን የሚወጣው በአበባው መሃል ካሉት ብናኝ ተሸካሚ ክሮች ነው። ይህ ልዩነት የዕውቀት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ለአተካከል ይጠቅማል። የምስክ መዓዛ በአየር ላይ እየተንሳፈፈ ከጥቂት እርምጃ ርቀት ሊደርስ ስለሚችል ተክሉ ራቅ ብሎ፣ ከግድግዳ ወይም ከአጥር ጋር ቢቆም ይሆናል። የጥንታዊ ጽጌረዳ መዓዛ ግን አፍንጫን ወደ አበባው ማስጠጋት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቦታው የመተላለፊያው ዳር፣ የበሩ አጠገብ፣ የመቀመጫው ጎን ነው። ሰዎች እጅግ ጥሩ ሽታ ያላትን ጽጌረዳ ከአትክልት ስፍራው ጥግ፣ ከሌሎች አበቦች ኋላ ተክለው ዓመቱን ሙሉ በዓይን ብቻ ሲያይዋት ማየት ያሳዝነኛል።

ስለ ማሽተትም ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። መዓዛው በቀላሉ የሚተንኑ ዘይቶች ውጤት ነው፤ ገራኒዮል፣ ሲትሮኔሎልና ፌኒል ኢታኖል ከሚባሉት ውሁዶች ጋር ሌሎች በርካታ ውሁዶች በየአበባው በተለያየ መጠን ይደባለቃሉ። እነዚህ ዘይቶች በብርድ በደንብ አይተንኑም፤ በኃይለኛ የቀትር ፀሐይና በነፋስ ደግሞ ቶሎ ተነው ያልቃሉ። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ፀሐይ አበባውን ማሞቅ የጀመረችበት፣ አየሩም ርጥበት ያለውና ጸጥ ያለ የጠዋት ሰዓት ነው። ከዚህም ሌላ ያው አበባ በዕድሜው ሽታውን ይለውጣል፤ ጎልደን ሰለብሬሽን የምትባለው ወርቃማ ጽጌረዳ ስትከፈት ሻይ ሻይ ትሸትና ስትበስል ወደ ጣፋጭ የወይን ጠጅና ወደ እንጆሪ ታደላለች። አንድ አበባ ዛሬ አልሸት ቢል ተክሉን ከመውቀስ ይልቅ በማግስቱ ጠዋት መመለስ፣ ወይም አበባውን በሁለት መዳፍ ከበብ አድርጎ ጥቂት ካሞቁ በኋላ ማሽተት ይበጃል። አፍንጫም አንድን ሽታ ቶሎ ስለሚለምድ፣ ከብዙ አበቦች በተከታታይ ለማሽተት የሚሞክር ሰው በየመካከሉ ጥቂት ደቂቃ ማረፍ ይኖርበታል።

ቦታው በቀን ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ቢቻል 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ ሊሆን ይገባል። ሙቀቱ በሚያይልበት አገር የጠዋት ፀሐይና የከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝ ስፍራ ይመረጣል፤ ብዙ ቅጠል ያላቸው አበቦች በቀትር ሐሩር ጫፋቸው ይጠወልጋልና። ቦታው ከኃይለኛ ነፋስ የተከለለ፣ ሆኖም አየር የሚዘዋወርበት መሆን አለበት፤ አየር የታፈነበት ጥግ የፈንገስ በሽታ መራቢያ ነው። ከትልልቅ ዛፎች ሥር መራቅም ግድ ነው። ቀድሞ ጽጌረዳ ለረጅም ዓመታት በኖረበት ጉድጓድ አዲስ ጽጌረዳ መትከል ካስፈለገ፣ አዲሱ ችግኝ በአሮጌው አፈር ውስጥ ሳያድግ ቀጭጮ ሊቀር ስለሚችል፣ ግማሽ ሜትር ያህል ጥልቀትና ስፋት ያለውን አፈር አውጥቶ ጽጌረዳ ካልነበረበት ቦታ በመጣ አፈር መተካት ያስፈልጋል።

ጽጌረዳ የሚወደው በጥቂቱ አሲዳማ የሆነ፣ ፒኤች መጠኑ ከ6 እስከ 6.5 የሚደርስ፣ ርጥበት የሚይዝ ነገር ግን ውሃ የማይቋጥር አፈር ነው። አፈሩ ውሃ የማይቋጥር መሆኑን ለማወቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ ሞልቶ ማደር በቂ ነው፤ በማግስቱም ውሃው ያልሰረገ እንደ ሆነ ሥሩ መበስበሱ አይቀርምና ከፍ ያለ መደብ መሥራት ይገባል። አሸዋማውንም ሆነ ከባዱን ሸክላማ አፈር የሚያሻሽለው አንድ ነገር ነው፤ እሱም በሚገባ የበሰለ ኮምፖስት ወይም የተብላላ ፍግ ነው። ትኩስ ፍግ ግን ሥር ያቃጥላል።

ችግኙ በማሰሮ ያደገ ከሆነ፣ መሬቱ በበረዶ ካልጠጠረና በድርቅ ካልነደደ በቀር በማንኛውም ጊዜ ሊተከል ይችላል። ሥሩ ከአፈር ተለይቶ ራቁቱን የሚሸጠው ችግኝ ደግሞ የሚተከለው ተክሉ ባረፈበት ወቅት፣ ማለትም ብርዳማ ክረምት ባለባቸው አገሮች ከመኸር መጨረሻ እስከ ጸደይ መግቢያ ባለው ጊዜ ነው፤ ከመተከሉ በፊትም ሥሩን ቢያንስ 2 ሰዓት በባልዲ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ያስፈልጋል። 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋትና ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ግርጌው ተፈልፍሎ ኮምፖስት ከተቀላቀለበት በኋላ ሥሩን ዘርግቶ ማስቀመጥ ነው። እዚህ ላይ ሊታይ የሚገባው ቅርንጫፎቹ ከሌላ ጽጌረዳ ሥር ጋር የተጋጠሙበት እብጠት ያለበት ከፍታ ነው። በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች እብጠቱ ከአፈሩ ወለል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይቀበራል፤ ውርጭ በማያሰጋበት ሞቃት አገር ግን ከወለሉ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ ቢቀር ይመረጣል። አፈሩ ተመልሶ በእግር ቀስ ብሎ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያም እስኪረካ ድረስ ውሃ ይጠጣል። ለዓይን የሚሞላ ቁጥቋጦ የሚፈልግ ሰው አንዱን ዓይነት ሦስት ችግኝ በግማሽ ሜትር ያህል ርቀት በሦስት ማዕዘን ቢተክል፣ ሲያድጉ እንደ አንድ ትልቅ ተክል ይታያሉ። ሞቃት በሆነ አገር እነዚህ ጽጌረዳዎች ከእንግሊዙ መጠናቸው በጣም ስለሚበልጡ ርቀቱን መጨመር ይበጃል።

ውሃ ሲጠጣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከማርከፍከፍ ይልቅ አልፎ አልፎ በብዛት ማጠጣት ሥሩ ወደ ጥልቁ እንዲወርድ ያደርጋል። ለአንድ ቁጥቋጦ በአንድ ጊዜ 5 ሊትር፣ ለአንድ ተንጠላጣይ ጽጌረዳ 10 ሊትር ያህል ተመጣጣኝ መጠን ነው፤ ውሃውም ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከግንዱ ሥር ሊፈስስ ይገባል። በማሰሮ የሚያድጉት ከሌሎቹ በበለጠ ቶሎ ስለሚደርቁ፣ ማሰሮው ስፋቱም ጥልቀቱም ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይሻላል። ማዳበሪያ ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ቡቃያው መነሣት ሲጀምር ሌላውም የመጀመሪያው አበባ ካለፈ በኋላ ይሰጣል። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠሉን አለስልሶ ክሽክሽ የተባለውን ጥቃቅን ተባይ ይጠራል እንጂ አበባ አይጨምርም። ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጉዝጓዝ ግንዱን ሳይነካ በዙሪያው ቢነጠፍ አፈሩ ርጥበቱን ይይዛል፣ አረምም ይቀንሳል።

ደጋግሞ ማበብ የእነዚህ ጽጌረዳዎች ዋና ጸጋ ቢሆንም፣ ያለ ሰው እጅ ሙሉ በሙሉ አይገለጥም። የጠወለገ አበባ ተክሉ ላይ ከቀረ ብዙዎቹ ወደ ፍሬ ይዞራሉ፤ ስለዚህ የአበባው ቅጠሎች መርገፍ ሲጀምሩ አምስት ንዑሳን ቅጠሎች እስካሉት የመጀመሪያው ሙሉ ቅጠል ድረስ ወርዶ፣ ከእሱ በላይ መቁረጥ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው አበባ ለመምጣት ስድስት ሳምንት ያህል ሊወስድበት ይችላል፤ በዚህ መካከል ተክሉ ታሟል ብሎ መድኃኒትና ማዳበሪያ ማብዛት አያስፈልግም።

ዓመታዊው ገረዛ ብርዳማ ክረምት ባለባቸው አገሮች የሚካሄደው በክረምቱ መጨረሻ፣ ቡቃያው ከማበጡ በፊት ነው። ብዙ ሰው መቀሱን ይፈራል፤ እኔ ግን ከተገረዘ ጽጌረዳ ይልቅ ሳይገረዝ ረዝሞ፣ ከታች ተራቁቶ አናቱ ላይ ብቻ የሚያብብ ጽጌረዳ በብዛት አይቻለሁ። በመጀመሪያ የደረቀው፣ የታመመውና እርስ በርሱ የሚፋተገው ቅርንጫፍ ይወጣል፤ ከዚያም የቀረው ከሲሶ እስከ ግማሽ ቁመቱ ድረስ ይቀነስና ተክሉ ክብ ቅርጽ እንዲይዝ ይደረጋል። በመጀመሪያው ዓመት ግን ጫፍ ጫፉን ብቻ መንካት ይበቃል። ውርጭ በሌለበት አገር ጽጌረዳ በራሱ ጊዜ ስለማያርፍ፣ አትክልተኛው በዓመቱ ውስጥ ቀዝቃዛውን ወቅት መርጦ በዚህ ገረዛ እንዲያርፍ ያደርገዋል። እንደ ዘ ጀነረስ ጋርድነር ያሉት ተንጠላጣዮች ሌላ ዘዴ ይፈልጋሉ፤ ረጃጅም ቅርንጫፎቻቸው ቀጥ ብለው ካደጉ የሚያብቡት ጫፋቸው ላይ ብቻ ሲሆን፣ ወደ ጎን አጋድሞ በሽቦ ላይ ቢያስሯቸው ግን በየአንጓው ቡቃያ አውጥተው ከሥር እስከ ጫፍ ያብባሉ። ኮንስታንስ ስፕራይ የምታብበው ባለፈው ዓመት ባደገ ቅርንጫፍ ላይ ስለ ሆነ መገረዝ ያለባት ካበበች በኋላ ነው። ከተጋጠመበት እብጠት በታች የሚወጣ ባዕድ ቡቃያ ሲገኝ ሳይቆረጥ ከሥሩ ተገንጥሎ መነሣት አለበት።

በሽታን በተመለከተ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ዱቄት መሰል ሻጋታና ዋግ ሦስቱ የታወቁ ፈንገሶች ናቸው። የታመመውን ቅጠል ለቅሞ ማስወገድ፣ ቅጠሉን አለማራስና ከመነሻው ጠንካራ ዓይነት መምረጥ ከማንኛውም ርጭት ይቀድማል። ክሽክሹን በጣት መደምሰስ ወይም በውሃ ግፊት ማጠብ ይበቃል፤ ጥቂት ጊዜ ከታገሡም ጥንዚዛዎች ሥራውን ይረከባሉ።

አበባውን ወደ ቤት ለማስገባት የሚፈልግ ሰው በማለዳ፣ ተክሉ ውሃ በጠገበበት ሰዓት ይቁረጥ። እነዚህ ጽጌረዳዎች የአበባ ቅጠላቸው ብዙ ስለ ሆነ በጥብቅ እንቡጥነታቸው ከተቆረጡ ሳይከፈቱ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ የውጭዎቹ ቅጠሎች መዘርጋት እስኪጀምሩ መጠበቅ ይገባል። አገዳው በተሳለ መቀስ እንደ ገና ተቆርጦ፣ ከውሃው በታች የሚሆነው ቅጠል ረግፎ፣ ውሃው በየቀኑ እየተለወጠ፣ ከሚበስል ፍራፍሬ ርቆ ይቀመጣል፤ ፍራፍሬ የሚያወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ አበባን ያስረጃልና። በዚህ ሁኔታ ጥቂት ቀን ቢቆዩ ነው፤ መዓዛ ያለው ጽጌረዳ በውሃ ውስጥ ብዙ አይሰነብትም። ፀረ ተባይ ካልተረጨበት ተክል የረገፉት የአበባ ቅጠሎች ግን መጣል የለባቸውም። በጥላ ስር፣ አየር በሚያልፍበት ቦታ፣ ሳይደራረቡ ተሰጥተው ሲነኳቸው የሚንኮሻኮሹ ሲሆኑ ክዳን ባለው ማሰሮ ውስጥ በጨለማ ይቀመጣሉ፤ ክዳኑም የሚነሣው መዓዛው በተፈለገ ጊዜ ብቻ ነው።