አክሪሊክ የዓሣ ገንዳ ለምትበሱ

ባሕር ዳር ቤታችሁ ዓሣ የምታረቡ፣ የአክሪሊክ (መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ) ገንዳ ለቧንቧ ከመብሳታችሁ በፊት ይቺን ልብ በሉ። አክሪሊክ ሲግል ይቀልጣል፣ ሲጫኑት ይሰነጠቃል። ድሪሉን ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩ፤ በየመሃሉ አውጥታችሁ ፍቅፋቂውን ጥረጉ፣ ይቀዝቀዝ።

ከጀርባው ጣውላ ማስደገፍ ግን የግድ ነው። ስንጥቅ በብዛት የሚመጣው መሰርሰሪያው በወዲያኛው በኩል ብቅ ሊል ሲል ነው። እዚያ ላይ በጣም አቅልሉለት፣ እባካችሁ።

ቀዳዳውን ወደ ላይ አድርጉት፤ ከጫፉም ራቅ ይበል። እኛ ጋ መብራት ሲሄድ ፓምፑ ይቆማል፣ ውሃው ደግሞ እስከ ቀዳዳው ድረስ ይወርዳል። ታች ከበሳችሁት ዓሣዎቹ ደረቅ ላይ ይቀራሉ።

ሻካራውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። በአልኮል ግን እንዳትወለውሉት፤ አክሪሊኩን ያሰነጣጥቀዋል። ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ሳሙና ይበቃል፤ ከዚያ በደንብ አለቅልቁት።