ብቻዎን በመኪና ወፍ ለማየት ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኋላ ወንበሮቿን አስፈትቼ ፍራሽ ያነጠፍኩባት አሮጌ አባዱላ አለችኝ። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ የርቀት መነጽሬን፣ ጀሪካን ውሃና ብርድ ልብስ ጭኜ ብቻዬን ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች እወርዳለሁ። ባቱ፣ አብያታና ሻላ፣ ሐዋሳ። ነዳጅና ሰላም ከተገኘ ደግሞ ባሌ ወይም ያቤሎ። አገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች አሏት። ፈረንጆች ባሕር አቋርጠው ሊያዩዋቸው ይመጣሉ። እኛ ግን በደጃቸው እያለፍን ቀና ብለን አናይም። ይሄ ያንገበግበኛል።

ብቻ መሄድ ለወፍ ጥሩ ነው። የሚያወራ ሰው የለም፣ የሚቸኩል የለም። ግን መኪና ሲያዝ የሚገፋ፣ ስትሳሳቱ «ተው» የሚላችሁም የለም። ስለዚህ እኔ ዋጋ የከፈልኩባቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ጉዞውን በኪሎ ሜትር ማቀድ

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያቤሎ ከ550 ያልፋል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ይህን አስልቼ ሁሉንም በአምስት ቀን ልጨርስ ተነሳሁ። ያየሁት አስፋልት ነው። ከሞጆ ወደ ባቱ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ይፈጥናል፤ ግን ወፍ ባየህበት ቦታ መቆም አትችልም። አሁን በቆቃና በመቂ በኩል በአሮጌው መንገድ ነው የምሄደው።

ለባቱ ብቻ ሁለት ሌሊት እሰጣለሁ። ዓሣ አጥማጆች ዓሣ የሚያጸዱበት ቦታ አጠገብ ወንበሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ ቆመው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። ፔሊካኖች ከጀልባዎቹ መሃል ይዋኛሉ። አንድ ጠዋት ከደንገሉ ላይ አንዲት ሰማያዊ ጀርባ ያላት፣ ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ ዓሣ አዳኝ ወፍ አየሁ። ውሃው ውስጥ ተወረወረች። ጣት የምታህል ዓሣ ይዛ ወጣች። ዓሣውን ከደንገሉ ጋር ሁለቴ፣ ሦስቴ አጋጨችው። ከዚያ አዙራ በጭንቅላቱ በኩል ዋጠችው፤ በጅራቱ በኩል ከሆነ ክንፉ ጉሮሮ ይይዛል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከቦታዬ አልተነሳሁም።

ፀሐይ የት እንዳለች አለማሰብ

ጥሩው ጊዜ ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት፣ ከዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ አየሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሩቅ ያለ ወፍ ቅርጹ ይጠፋል። ያኔ ተኙ። ሌላም ነገር አለ፦ ባቱ ከሐይቁ በስተምዕራብ ስለሆነች ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታችኋለች፤ ሩቅ ያለው ወፍ ሁሉ ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት ዳር ያሉትን፣ ከሰዓት መሃል ሐይቅ ያሉትን እዩ። ሐዋሳ ግን ከሐይቁ በስተምሥራቅ ናት፤ እዚያ የጠዋት ብርሃን ከጀርባችሁ ነው።

አብያታ ዳር በመኪና መጠጋት

ይህኛው ከሁሉም አስደንግጦኛል። አብያታ ለዓመታት እየሸሸ ያለ ሐይቅ ነው። የሚገቡበት ወንዞች ለመስኖ ይጠለፋሉ፣ ከሐይቁም ውሃ ሶዳ አሽ የሚባለውን ኬሚካል ለማምረት ሲወሰድ ኖሯል። ውሃው የተወው መሬት ከላይ ነጭና ደረቅ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ጭቃ ነው። እኔ ፍላሚንጎዎቹን በደንብ ላያቸው ብዬ ነዳሁበት። የፊት ጎማዎቹ ቅርፊቱን ሰበሩት፤ መኪናዋ ሆዷ መሬት እስኪነካ ሰመጠች። ስልክ ኔትወርክ አልነበረውም። በአካፋ ብቆፍርም ጉድጓዱ መልሶ በጭቃ ይሞላል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከብት የሚነዱ አራት ልጆች መጡ። የመኪናዋን ምንጣፎች ከጎማው ሥር አስገብተን፣ እነሱ ገፍተው፣ እኔ በማርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ወጣን። ባይመጡ እዚያው አድር ነበር።

ሣሩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ አቁሙ። ከዚያ በእግር። እግር ከሰመጠ ተመለሱ። ፍላሚንጎ አብያታ ላይ ካጣችሁ ከሻላ በስተደቡብ ያለችውን ትንሿን የጭቱ ሐይቅ እዩ።

ሰላም ሳይሉ መነጽር ማንሳት

ብቻውን የሚዞር፣ ወዲያ ወዲህ በመነጽር የሚያይ ሰው ያጠራጥራል። ይህ ተገቢ ስጋት ነው። መቂ አካባቢ ሽንኩርት ማሳ ዳር ቆሜ አንድ አባት «ምንድነው የምትለካው?» አሉኝ። መሬታቸውን የምለካ መስሏቸው ነው። «ኧረ አባቴ፣ ወፍ ነው የማየው» ብዬ መነጽሩን ሰጠኋቸው። ዛፉ ጫፍ ላይ ራሱ ነጭ የሆነ ንስር ተቀምጦ ነበር። መነጽሩን ለረጅም ጊዜ ከዓይናቸው አላወረዱትም። «ዓይኑ ይታያል!» አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው ከቤታቸው ጓሮ ጉጉት የምታድርበትን ዛፍ አሳዩኝ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ መኪናዬን አቆማለሁ፣ ሰላም እላለሁ፣ በአካባቢው ቋንቋ። «አከም ጅርቱ» ማለት ምን ይከብዳል? ድልድይ፣ ግድብና ካምፕ አጠገብ ግን መነጽርም ካሜራም ጨርሶ አይነሳም።

በማታ መንዳትና ባገኙበት ማደር

ማታ መንገዱ የከብት፣ የአህያና መብራት የሌለው ጋሪ ነው። እኔ 11 ሰዓት ሳይሞላ እቆማለሁ። የማድረው የሆቴል ግቢ ውስጥ ነው፤ ከፍዬ መኪናዬ ውስጥ እተኛለሁ፣ ለጥበቃውም የሻይ እሰጣለሁ። ጠዋት የኢሱዙ ሾፌሮችን «ወደዚያ መንገዱ ሰላም ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከተንጠለጠለ አትሂዱ። ቤት ላለ ሰውም ማታ ማታ የት እንዳደራችሁ ንገሩ።

ሳነቴ ላይ ከሰል ይዞ መኪና ውስጥ መተኛት

የባሌው ሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ይደርሳል። ሌሊት ውሃ ይረጋል። ብርዱን ለማስታገስ የከሰል ማንደጃ መኪና ውስጥ ማስገባት የሚያምራችሁ ካለ፣ እባካችሁ ተዉት። ጭሱ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፣ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል፤ ብቻችሁን ስትሆኑ ደግሞ የሚቀሰቅሳችሁ የለም። ጎባ ወይም ዲንሾ ወርዳችሁ እደሩና ንጋት ላይ ውጡ። ሰማያዊ ክንፍ ያላት ዝይና ቀይ ቀበሮው በዚያ ሰዓትም አሉ።

የወፍ ድምፅ በስልክ ማጫወት

አንዳንዱ ወፏን ለመጥራት የዝርያዋን ድምፅ ያጫውታል። ወፏ የምትመጣው ግን ባላጋራ ገብቶባት መስሏት ነው። ጎጆ ያላት ከሆነ እንቁላሏን ጥላ ትወጣለች። አታጫውቱ።

አይቶ ምልክት አድርጎ መሄድ

ያቤሎ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ግራጫ አካል፣ ጥቁር ክንፍና በዓይኗ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያላት ቁራ መሰል ወፍ አለች። በዓለም ላይ የምትገኘው በያቤሎ፣ በሜጋና በአረሮ አካባቢ ብቻ ነው። በ2012 በፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ ጥናት የምትኖርበት ቦታ ድንበር ከአካባቢው ቀዝቀዝ ካለው አየር ጋር እንደሚገጣጠም አሳይቷል። አየሩ ቢሞቅ የምትሄድበት የላትም። ሰዎች መጥተው «አየኋት» ብለው ደብተር ላይ ይጽፉና በአምስት ደቂቃ ይነሳሉ።

እኔ ባለፈው ግራር ሥር መኪናዬን አቁሜ በሩን ከፍቼ ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። ስድስት ሆነው መጡ። ከቦረና ከብቶች እግር መሃል እየተራመዱ፣ ፋንድያውን እየገለበጡ ትል ይለቅማሉ። አንዷ መንቁሯን ከፍታ ቆይታ ወደ ሌላዋ ተጠጋች፣ አጠገቧም ቆመች። እረኛው ልጅ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። መነጽሩን ሰጠሁት።