ሳይት ላይ ከኮምፕሬሰር፣ ከኮንክሪት ፓምፕና ከሃይድሮሊክ ጋር ሲሠራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሞተር ጠፍቷል ብሎ የአየር ጎማ (ቱቦ) መፍታት። ኮምፕሬሰሩ ቢቆምም ታንከሩና ጎማው ውስጥ 7 ባር ገደማ ግፊት ያለው አየር ታምቆ ይቀራል። መጀመሪያ የታንከሩ ቫልቭ ይዘጋ፤ ቀጥሎ የጃክ ሀመሩ (በአየር የሚሠራው መሰርሰሪያ) እጀታ ተጭኖ ጎማው ውስጥ ያለው አየር ተሟጦ ይውጣ። መጋጠሚያው የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። የመቆለፊያ ፒን ሲጠፋ ምስማር መሰካት ተለምዷል፤ ምስማሩ ተንቀጥቅጦ ሲወጣ ጎማው ያገኘውን ይመታል። ፒኑም፣ ሁለቱን ጫፎች የሚያያይዘው የደህንነት ሽቦም መኖር አለባቸው።

በኮምፕሬሰር አየር ልብስ ማራገፍ። አሸዋ ዓይን ውስጥ ይነዳል፤ አየሩም በቁስል በኩል ከቆዳ ሥር ሊገባ ይችላል። ብሩሽ ይበቃል።

የተዘጋ የኮንክሪት መስመርን ግፊት ጨምሮ ለማስከፈት መሞከር። ድፍኑ በድንገት ሲለቅ የታመቀው አየር የጫፉን ጎማ እንደ ጅራፍ ያወናጭፈዋል። ፓምፑ በተቃራኒ አቅጣጫ ሠርቶ ኮንክሪቱን ወደ ኋላ ይሳብ፤ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ግፊቱ መውረዱን ሲያሳይ ብቻ የመስመሩ ማያያዣ (ክላምፕ) ይከፈት። ሥራ ሲጀመርም ሆነ ከቆመ በኋላ ሲነሳ ኮንክሪቱ ሳይቆራረጥ እስኪፈስ ድረስ ጎማውን ማንም አይያዝ፣ ጎማው በሚደርስበት ርቀትም ማንም አይቁም። ጎማው ጫፍ ላይ የብረት መጋጠሚያ መተውም ምቱን ገዳይ ያደርገዋል።

የሚያፈስ የሃይድሮሊክ ጎማን በእጅ መዳሰስ። የኤክስካቫተር ዘይት ከ300 ባር በላይ ግፊት ሊኖረው ይችላል። የመርፌ ቀዳዳ ከሚያክል ስንጥቅ የሚወጣው ዘይት ለዓይን እንኳ በግልጽ ሳይታይ ጓንትና ቆዳ ይበሳል። ፍሳሹ በካርቶን ይፈለግ። ከመጠገኑ በፊት ባልዲው መሬት ላይ ይውረድ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ከዚያም በማሽኑ መመሪያ መሠረት ሌቨሮቹ በየአቅጣጫው ተነቃንቀው የቀረው ግፊት ይለቀቅ።

ዘይት ቆዳ ከበሳ በኋላ «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ ወደ ሥራ መመለስ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጉዳቱ መጀመሪያ ላይ ጉዳት አይመስልም። የምትታየው አንዲት ነጥብ ናት፣ ሕመሙም ቀላል ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ግን በጅማት ሽፋን ውስጥ ወደ መዳፍ ይዘልቃል፤ በሰዓታት ውስጥ እጁ ያብጣል፣ ሥጋው ይሞታል። በግፊት የሚረጭ ቀለምና ማቅጠኛው (ቲነር) ደግሞ ከዘይት ይብሳሉ። የቴታነስ መርፌና ማስታገሻ ወስዶ ቤት መግባት ጣት ሊያስቆርጥ ይችላል፤ የሚያስፈልገው አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ነው። ቁስሉን መጭመቅ፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ መንከር፣ ምግብና መጠጥ መስጠት አይገባም። ቀለበት ይውለቅ፣ እጁ ከፍ ይበል፤ የዘይቱ ወይም የቀለሙ ቆርቆሮ ከነጽሑፉ ሆስፒታል ይሂድ። ለሐኪሙ «ተወጋ» ብቻ ሳይሆን «በከፍተኛ ግፊት ዘይት ገብቶበታል» ተብሎ፣ ሰዓቱ ጭምር ይነገረው።