ጣርማበር ጉም ውስጥ ነው፣ ምስሉ ግን ጥርት ብሏል

አጎቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ ይመላለሳል። አንድ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ከደብረ ብርሃን ሊነሳ ሲል ደወለልኝ። «እስኪ ያንን ሳተላይትህን እየው። ጣርማበር እንዴት ነው?» አየሁ። እስከ ደብረ ሲና ድረስ ምንም የለም። «ጋሼ፣ ጥርት ብሏል፣ ንካው» አልኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስልኬ እንደገና ጮኸ። አጎቴ ጣርማበር ላይ መንገዱ የሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ በእግር ፍጥነት እየዳኸ ነበር። «ጥርት ያለው የት ነው? የመኪናዬ አፍንጫ እንኳ አይታየኝም!»

ሳተላይቱ አልዋሸም። እኔ ነኝ የማይሆን ምስል የከፈትኩት። ከዚያ ወዲህ ያሳሳቱኝን ነገሮች አንድ በአንድ ለይቻለሁ።

ችግር፦ ሌሊት ጉም አለ፣ ምስሉ ላይ ግን አይታይም

ሌሊት ፀሐይ ስለሌለች አብዛኞቻችን የምንከፍተው የኢንፍራሬድ ምስል ነው። ኢንፍራሬድ የሚለካው ሙቀትን ነው። ቀዝቃዛው ነጭ፣ ሞቃቱ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የዝናብ ደመና አናቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ነጭነቱ ከሩቅ ይለያል። ጉም ግን መሬት ላይ የተኛ ነው። ሙቀቱ ከአጠገቡ ካለው መሬት ብዙም አይርቅም። ታዲያ በምን ይለይ?

በተቃራኒውም ያታልላል። በህዳርና በታህሳስ መንዝ ምስሉ ላይ ነጣ ብሎ ያድራል። ደመና ይመስላችኋል። ደጅ ብትወጡ ሰማዩ በኮከብ ተሞልቷል። ያያችሁት መሬቱን ራሱን ነው፣ ውርጭ ሊጥል የቀዘቀዘውን ደጋ። ጎኑ ያለው የአፋር ቆላ ሞቃት ስለሆነ ጠቁሮ ይታያል፣ አፋፉም በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። (ባቄላ የዘራ ሰው ይህንን ምስል ቢያይ አይከፋም። ደመና የሌለው ሌሊት ነው ውርጭ የሚያመጣው።)

መፍትሄው «የሌሊት ማይክሮፊዚክስ» የሚባለውን ቅንብር መክፈት ነው። የዩሜትሳት (የአውሮፓ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች ድርጅት) ድረ ገጽ፣ ዩሜትቪው፣ በነጻ ያሳያል። ቅንብሩ በሜቴዎሳት፣ በድርጅቱ ሳተላይት፣ ላይ ያሉ ቻናሎችን (እያንዳንዱ የተለያየ የሞገድ ርዝመት ያለው ጨረር ይለካል) ያወዳድራል። ለጉም ዋነኞቹ የ3.9 እና የ10.8 ማይክሮሜትሮቹ ናቸው። የጉም ጥቃቅን ጠብታዎች በ3.9ኙ ላይ ደከም ያለ ጨረር ይለቃሉ። በ10.8ኙ ግን እንደ ልባቸው ነው። ልዩነቱ ወደ ቀለም ሲቀየር ጉሙ አረንጓዴ የነካው ነጣ ያለ ሰማያዊ ሆኖ ብቅ ይላል። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። ከላይ ከፍተኛ ደመና ካለ ጉሙን ይሸፍነዋል። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ብርሃኗ 3.9ኙ ውስጥ ስለሚገባ ቅንብሩ ይበላሻል። ያኔ ወደ ቀኑ ምስል እለፉ።

ችግር፦ ነጭ ነገር አለ፣ ጉም ይሁን ደመና አይታወቅም

እዚህ ላይ ሳተላይቱን አትውቀሱት። የሚያየው አናቱን ብቻ ነው። ከታች መሬት ይንካ አይንካ አያውቅም። ጣርማበር ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከምስራቅ የሚመጣ እርጥብ አየር አፋፉን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ደብረ ሲና ያለ ሰው ቀና ብሎ «ደመና ነው» ይላል። ጣርማበር ያለው ውስጡ ቆሞ «ኧረ ጉም ነው!» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

የሚረዳው ምስሎቹን በተከታታይ ማጫወት ነው። ደመና ይሄዳል። እንደ ጃማ ባለ ሸለቆ ውስጥ የተኛ ጉም ግን አይነቃነቅም። ጠርዙ የገደሉን ቅርጽ ይዞ ይቆያል፣ ፀሐይ ስትበረታ ከዳር ወደ መሃል እየሳሳ ያልቃል። አፋፉ ላይ ለተለጠፈ ደመና ግን እኔ እስካሁን ከስልክ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። እዚያ ያለ ሰው ደውሎ መጠየቅ ነው።

ችግር፦ የምስሉ ሰዓት አይገጥምም

ሰዓቱ ዩቲሲ፣ ዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ነው። ከእሱ ላይ 3 ቀንሱ (ከ3 ካልበለጠ መጀመሪያ 12 ጨምሩበት)፣ የኛ ሰዓት ይመጣል። 09:00 ካለ ቀን 6 ሰዓት ነው። ከ12 ከበለጠ 12 አውጡለት፦ 21:00 ሌሊት 6 ሰዓት ነው።

ችግር፦ ዶፉ እኛ ላይ ነው፣ ደመናው ምስሉ ላይ ወደ ምስራቅ ሸሽቷል

ዋናው ሜቴዎሳት የቆመው 0 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ፣ ከምድር ወገብ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። እኛን በጎን ነው የሚያየን። ረጅም ደመና በጎን ሲታይ አናቱ ከቦታው ወደ ኋላ ይወድቃል። አናቱ 12 ኪሎ ሜትር ከደረሰ ምስሉ ላይ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአብዛኛው ወደ ምስራቅ፣ ይንሸራተታል። ህንድ ውቅያኖስን የሚያየውን፣ 45.5 ዲግሪ ምስራቅ ላይ ያለውን ሌላ ሜቴዎሳት ምረጡ። እሱ አናታችን አካባቢ ስለሆነ ስህተቱ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ይወርዳል።

ችግር፦ ቀይ ነጥብ አለ፣ እሳት የለም

ፈርምስ፣ የናሳ የእሳት ካርታ፣ በቀይ ነጥብ የሚያሳየው ያልተለመደ ሙቀት ነው። የገበሬ ቃርሚያ ማቃጠያ ሊሆን ይችላል፣ ሁልጊዜ የሚግል ፋብሪካም። አፋር ውስጥ ኤርታሌም ነጥብ ይጥላል። ያው ነጥብ በየቀኑ አንድ ቦታ ከተመለሰ ሰደድ እሳት አይደለም። ቦታውንም እንደ ጣት ጥቆማ አትውሰዱት። ነጥቡ 375 ሜትር ስፋት ያለው ካሬ መሃል ነው፣ እሳቱ የትኛውም ጥግ ሊሆን ይችላል።

እሳቱ እየታያችሁ ነጥብ ካጣችሁ ደግሞ ሰዓቱን ተመልከቱ። ባለ 375 ሜትሩን ነጥብ የሚለኩት ሦስት ሳተላይቶች (ሱኦሚ ኤንፒፒ፣ ኖአ 20 እና ኖአ 21) በላያችን የሚያልፉት ቀን 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ እና ሌሊት በዚያው ሰዓት ነው። ጓሳ ላይ ጠዋት 4 ሰዓት የተነሳ የሳር እሳት ከ7 ሰዓት በፊት ሊጠፋ ይችላል። ደመና ከሸፈነውም አይታይም። በማግስቱ ሰማዩ ከተከፈተ ናሳ ወርልድቪው በሚባለው የሳተላይት ምስል ድረ ገጽ ላይ ከ7፣ 2 እና 1 ባንዶች (ቻናሎች) የተቀናበረውን ምስል ክፈቱ። በርከት ያለ ሳር ከተቃጠለ ቀይ ቡናማ ጠባሳ ሆኖ ይታያል።