ከረጅም ፓድልቦርድ ወደ አጭር፦ ሐዋሳ ላይ ተለማምዶ ባሕር ላይ ማዕበል ለመጋለብ

ቆመው በመቅዘፊያ በሚነዱት ሰሌዳ፣ በፓድልቦርድ፣ የሚጋለብ ማዕበል ሐዋሳ ሐይቅ ላይ የለም፤ ይህ ከመጀመሪያው ይታወቅ። አጭር ቦርድ ላይ መቆምን፣ መቅዘፍንና መዞርን ለመልመድ ግን ሐይቁ ከባሕር ይሻላል። ሳይለማመድ አጭር ቦርድ ይዞ ባሕር የወረደ ሰው የጉዞውን ግማሽ በመውደቅ ይጨርሰዋል፤ የሚጥለውም ማዕበሉ ሳይሆን ከእግሩ ሥር የሚወላውለው ቦርድ ነው። ይህን መወላወል እዚህ ገርቶ የሄደ ሰው የደቡብ አፍሪካዋ ደርባንም ሆነ የኬንያ ጠረፍ ሲደርስ ዓይኑን ከእግሩ አንሥቶ ማዕበሉን ማየት ይችላል።

ሊትሩን አስቀድሙ

ቦርድ ሲመረጥ ዓይን የሚሄደው ርዝመቱ ላይ ነው። ቆማችሁ መቆየታችሁን የሚወስኑት ግን በዋናነት ሊትሩ (የቦርዱ ይዘት) እና ስፋቱ ናቸው፤ ርዝመቱ የሚወስነው ፍጥነቱንና አዟዟሩን ነው። ስለዚህ ርዝመት ስትቀንሱ ስፋቱን አትንኩ፣ ከነካችሁም በጥቂቱ። ከ10 ጫማ ከ6 ኢንች ወደ 9 ጫማ የሚወርድ ሰው ስፋቱን ከ32 ኢንች ወደ 31 ቢያወርድ ይበቃዋል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የቆረጠ ሰው ሲወድቅ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንኳ አይለይም።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሊትሩን በሰውነታችሁ ኪሎ አካፍሉት። ውጤቱ 2 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የጀማሪ ቦርድ ነው። ለመጀመሪያው ቅናሽ (ከረጅሙ ወደ አጭሩ ስትወርዱ) 1.7 እስከ 1.8 ጥሩ ነው። 1.4 እና 1.5 ማዕበል በወጉ መያዝ ለጀመረ ሰው ይሆናል። 1.2 አካባቢ ያለውን ለጎበዞች ተዉት፤ ሥዕሉ ቢያምርም ቆማችሁ ማዕበል መጠበቅ አትችሉም። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው መጀመሪያ 9 ጫማ፣ 31 ኢንች፣ 125 ሊትር የሚሆን ጠንካራ ቦርድ፣ ያ ሲለመድ 8 ጫማ ከ6 ኢንች፣ 30 ኢንች፣ 105 ሊትር ገደማ ማለት ነው።

ሊትር ስትቆጥሩ የራሳችሁን ክብደት ብቻ አትያዙ። ቦርዱ ራሱ ወደ 8 ኪሎ፣ እርጥብ ልብስ፣ መቅዘፊያና ጃኬት ሌላ 2 ኪሎ ይጨምራሉ። 70 ኪሎ የነበረው ሰው 80 ሆነ ማለት ነው። 105 ሊትር ቦርድ ሐይቅ ላይ የሚሸከመው 105 ኪሎ ስለሆነ የሚተርፈው 25 ነው። የባሕር ውሃ በጨው ምክንያት ከሐይቁ ውሃ ወደ 2.5 በመቶ ይከብዳል፤ ያው ቦርድ እዚያ ወደ 107.5 ኪሎ ይሸከማል። ሐዋሳ ላይ ያቆማችሁ ቦርድ ባሕር ላይ ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ አይከዳችሁም። ባሕር ጠረፍ ላይ ሞክራችሁ የገዛችሁት ግን እዚህ ሲመጣ ሰመጥ እንደሚል ጠብቁ።

መሞከሪያው ይህ ነው፦ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ሳትቀዝፉ ቁሙ። ጠርዙ ላይ ውሃ ቢወጣ ችግር የለም። እግራችሁ መሐል ያለው ስፍራ ውሃ ከዋጠው ቦርዱ ለጊዜው ትንሽ ነው።

የሐዋሳ ከፍታና ቦርዱ

ይህ ክፍል በመመሪያ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ እኛን ግን በቀጥታ ይመለከተናል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል 1,690 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ወደ 12 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ሲሆን በባሕር ጠለል 14.7 ነው። በአየር የሚነፋ ቦርድ ካላችሁ የፓምፑ መለኪያ የሚያሳየው ቦርዱ ውስጥ ባለው አየርና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ሐዋሳ ላይ 15 ፒኤስአይ የተነፋ ቦርድ እንዳለ ባሕር ጠለል ቢወርድ መለኪያው 12 ገደማ ብቻ ያነባል። መሐሉ ይረግባል፣ ስትቆሙበት ይጎብጣል፣ ማዕበል ላይም ይዘገያል። እዚያ ስትደርሱ ጨምሩበት።

አደገኛው የተገላቢጦሹ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ 15 የተነፋ ቦርድ ሳይተነፍስ ሐዋሳ ቢመጣ ወደ 17.7 ይደርሳል፤ በዚያ ላይ መኪና ጣሪያ ላይ የቀትር ፀሐይ ሲመታው ስፌቱ ሊለቅ ይችላል። ለጉዞ ሁልጊዜ አስተንፍሱት።

ጠንካራው ቦርድም አየር አለው፤ ውስጡ ያለው ፎም ይተነፍሳል። ለዚህ ነው ላዩ ላይ ትንሽ የአየር ማስወጫ ብሎን የተገጠመለት። አውሮፕላን ላይ ሲጫንና ከቆላ ወደ ደጋ ሲጓዝ ብሎኑ ይላላል፤ ውሃ ከመግባቱ በፊት በእጅ ይጠብቃል። ሳይላላ ከቀረ ላዩ አብጦ ከፎሙ ይላቀቃል፤ ሳይጠብቅ ውሃ ከገባ ደግሞ ፎሙ ውሃ ይጠጣል፣ ቦርዱም ለዘለቄታው ይከብዳል። ራሱ አየር የሚያስወጣ ብሎን ያላቸው ቦርዶች አሉ፤ የናንተ የትኛው እንደሆነ ስትገዙ ጠይቁ። የአየር መንገዱን የርዝመት ገደብም ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ፤ 9 ጫማ ማለት ከ2.7 ሜትር በላይ ነው።

የሚነፋ አጭር ቦርድ ለልምምድ ይበቃል። ጠርዙ ወፍራምና ክብ ስለሆነ ግን ማዕበል ላይ ውሃውን አይቆርጥም፤ ስትዞሩ ይንሸራተታል። ጥፋቱ የናንተ አይምሰላችሁ።

መቅዘፊያ፣ ፊን፣ ገመድ

ለሐይቅ ጉዞ መቅዘፊያው ከቁመታችሁ 20 ሴንቲሜትር ያህል ይበልጣል። ለማዕበል ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ስለምትቆሙ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ይበቃል። ቁመቱ የሚስተካከል ከሆነ በየቀኑ 2 ሴንቲሜትር እየቀነሳችሁ ልካችሁን ፈልጉ። የማይስተካከለውን ልካችሁን ሳታውቁ አትቁረጡት።

ከሥር የሚገጠሙት ፊኖች መጀመሪያ ላይ አንድ ትልቅ የመሐልና ሁለት ትንንሽ የጎን ይሁኑ። መሐለኛው ከ18 እስከ 20 ሴንቲሜትር ቢሆን አጭሩ ቦርድ ቀጥ ብሎ ይሄድላችኋል። በማሰሪያው ውስጥ ወደ ኋላ ሲገፋ ቦርዱ ይረጋል፣ ወደ ፊት ሲሳብ በቀላሉ ይዞራል። ሲለመድ ሦስት እኩል ፊን መሞከር ይቻላል።

ከእግር ጋር የሚያያዘው ገመድ ቀጥ ያለና የቦርዱን ርዝመት ያህል ይሁን። እንደ ስልክ ገመድ የተጠቀለለው ለሐይቅ ጥሩ ነው፤ ማዕበል ላይ ግን ተወጥሮ ቦርዱን ወደ ፊታችሁ ይመልሰዋል።

ሐይቁ ላይ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሣል። መጀመሪያ ጠዋቱን፣ ቀጥሎ ንፋሱን ተጠቀሙ። አሞራ ገደል አካባቢ ጠዋት ዓሣ አስጋሪዎች ስለሚበዙ መለማመጃ አይሆንም። የፕላስቲክ ተንሳፋፊ ካያችሁ ከሥሩ መረብ አለ፤ ፊናችሁ ከያዘው የሰው እንጀራ ትቀድዳላችሁ፣ እናንተም ትወድቃላችሁ። ደንገልና ፊላ ካለበት ዳር ራቁ፣ በተለይ ንጋትና ምሽት ላይ፤ ጉማሬ ለቦርድ አይራራም። ሐይቁ የቢልሃርዚያ ስጋትም ስላለበት ሣር የበዛበት ዳር ላይ ቆማችሁ አትቆዩ፣ ስትወጡም ቶሎ ሰውነታችሁን አድርቁ። የሕይወት አድን ጃኬት ልበሱ፤ ብቻችሁን አትውጡ። ንፋሱ ወደ መሐል የሚነፍስ ከሆነ ያን ቀን ተዉት።

አጭሩ ቦርድ ላይ የመጀመሪያው ሰዓት ያስቃል። ከአይሱዙ ወርዶ ባጃጅ እንደያዘ ሹፌር ነው፤ መሪው ትንሽ ሲነካ ይዞርበታል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ አጭር ቦርድ በአንድ ወገን በተቀዘፈ ቁጥር አፍንጫው ወደ ሌላው ወገን ይሄዳል። መፍትሔው አጭርና ፈጣን ቀዘፋ ነው። የመቅዘፊያውን እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ ሩቅ ከፊታችሁ ትከሉ፣ በጠርዙ ጥግ ሳቡ፣ ሰፊው ጫፍ የእግር ጣታችሁ ጋ ሲደርስ አውጡት። ተረከዛችሁን አልፎ የተሳበ ቀዘፋ ሁሉ ቦርዱን ያዞረዋል እንጂ አይገፋውም።

እግራችሁን መሐል ላይ፣ በትከሻ ስፋት አኑሩ። ከዚያ አንዱን 20 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ሳቡ። ይህ ግማሽ ጎናዊ አቋቋም ጎን ለጎን ሲወላውልም፣ ፊትና ኋላ ሲናጥም ይይዛችኋል። መቅዘፊያው ከውሃ ውጭ ሲሆን ትወድቃላችሁ፤ ሰፊው ጫፍ ውሃ ላይ ተኝቶ ከሆነ ሦስተኛ እግር አላችሁ ማለት ነው።

ይህ ሲያዝ ወደ ፍጥነት እለፉ። ከቆማችሁበት አምስት ወይም ስድስት ቀዘፋ በሙሉ ኃይል፣ ወዲያው የኋላ እግራችሁን ወደ ጅራቱ አሻግሩና ጉልበት አጥፋችሁ ተንሸራተቱ። በሁለቱም ወገን ደጋግሙት። ቀጥሎ ጅራቱን ረግጦ መዞር ይመጣል፦ አንድ እግር ከፊኖቹ በላይ፣ አፍንጫው ይነሣል፣ በሰፊ ቀዘፋ ቦርዱን ወደ መጣበት ትመልሱታላችሁ፣ እግራችሁም ቶሎ ወደ መሐል ይመለሳል። ማዕበል ሲመጣ ለመዞር ያላችሁ ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ስለሆነ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ልምምድ ይህ ነው። ፍቅር ሐይቅ አካባቢ የሚመላለሱት የሽርሽር ጀልባዎች የሚተዉትን ሞገድ ከሩቁ በጎን ተቀበሉት፤ ከሞተሩ ኋላ ግን አትጠጉ።

ባሕር ላይ ስትደርሱ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከጉልበት እስከ ወገብ የሚደርስ ማዕበልና አሸዋማ ታች ምረጡ። የኬንያ ጠረፍ ብዙው ቦታ በኮራል የታጠረ ስለሆነ ማዕበሉ ራቅ ብሎ ኮራሉ ላይ ይሰበራል፤ ያ ለመማሪያ አይሆንም።

ስትወጡ ነጩን አረፋ በአፍንጫው ፊት ለፊት ግጠሙት። ሊደርስ ሲል ክብደታችሁን ወደ ኋላ እግር ጣሉ፣ አፍንጫው ይነሣል፤ ሲያልፍ መቅዘፊያውን ከአረፋው ማዶ ተክላችሁ ሳቡ። ቦርዱ በእናንተና በማዕበሉ መካከል እንዳይሆን፤ ይዞ ይመታችኋል።

ረጅሙን ቦርድ የለመደ ሰው የሚሳሳተው ቦታ ላይ ነው። ረጅሙ ማዕበሉ ገና ሳይቆም ከሩቅ ይይዛል፤ አጭሩ ግን ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ብቻ ነው የሚነሣው። ስለዚህ ከለመዳችሁት ቦታ ጥቂት ሜትሮች ወደ ዳር ቅረቡ፣ ዘግይታችሁ ዙሩ፣ በኃይል ቅዘፉ። ማዕበሉ ከሥራችሁ አልፎ ከሄደ ወይ ሩቅ ነበራችሁ፣ ወይ ክብደታችሁ ጅራቱ ላይ ነበር። አፍንጫው ከጠለቀ ደግሞ ቀጥ ብላችሁ ወርዳችኋል ወይም የኋላ እግራችሁ ዘግይቷል፤ ከመጀመሪያው ቀዘፋ ጀምሮ ወደ ጎን አቅጣጫ ያዙ። ስትዞሩ ጅራቱ ካመለጠ እግራችሁ ከፊኖቹ በላይ አልደረሰም፤ ወደምትዞሩበት ወገን መቅዘፊያውን ውሃው ላይ አሳርፋችሁ ተደገፉበት፣ ዓይናችሁም ወደዚያው ይሂድ።

ስትወድቁ ከቦርዱ ራቅ ብላችሁ፣ በጠፍጣፋ ጀርባ፣ መቅዘፊያውን ሳትለቁ ውደቁ፤ ስትነሡ ክንዳችሁን ፊታችሁ ላይ አድርጉ። ማዕበሉ ለሚሰበርበት ጫፍ የቀረበ ሰው ቅድሚያ አለው። ቆማችሁ ስለምታዩ ማዕበሉን ከሁሉ ቀድማችሁ ታገኙታላችሁ፤ በሆዳቸው ተኝተው ለሚጠብቁትም ተዉላቸው፣ አለበለዚያ ያን ቀን ወዳጅ አታፈሩም።

ሁለተኛውን ቅናሽ የምታደርጉት በመጀመሪያው አጭር ቦርድ ላይ ቆማችሁ ሳትወድቁ ማዕበል መጠበቅ፣ ዞራችሁ መያዝና በሁለቱም ወገን መሄድ ስትችሉ ነው፤ ከዚያም ከ15 እስከ 20 ሊትር በላይ በአንዴ አትቀንሱ። ረጅሙን ቦርድ አትሽጡት። ማዕበሉ በሚያንስበት ቀን የሚሠራው እሱ ብቻ ነው፤ ሐዋሳ ላይም ጓደኛ ለማስተማር ያስፈልጋችኋል።