ከፒያሳ ተነስቶ የደብረ ሊባኖስን ገደልና ፏፏቴ በአንድ ቀን አይቶ መመለስ

ፏፏቴ ለማየት የግድ ባሕር ዳር መሄድ የለብንም። ከፒያሳ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ሜዳው በድንገት ያልቅና ገደል አፋፍ ላይ ይቆማሉ። ዋናው ነገር ወሩንና ሰዓቱን መምረጥ ነው።

ወሩ መስከረም ይሁን። አፋፉ አጠገብ ያለውን፣ የፖርቹጋል ድልድይ የሚባለውን የድንጋይ ድልድይ አልፎ ገደል የሚገባው ወንዝ ኃይሉ የክረምት ነው፤ ጥር ላይ የሄደ ሰው ድንጋይ አይቶ ይመለሳል። ነሐሴ ላይ ደግሞ ውሃው ቢሞላም ጉሙ አያሳይም። መስቀል አካባቢ ውሃው ገና አልጎደለም፣ የሱሉልታ ሜዳም አደይ ለብሷል።

በዋዜማው በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ። «ይቆይ» ካሏችሁ ይቆይ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተነሱ። በአዲሱ ገበያ አድርጋችሁ የእንጦጦን ዳገት ስትወጡ ብርድ ስለሚቀበላችሁ ጃኬት አይረሳ። ሱሉልታን፣ ጫንጮንና ሙከጡሪን አልፋችሁ፣ ፍቼ ሳትደርሱ የገዳሙን መገንጠያ ታገኛላችሁ። መኪና የሌለው የፍቼን አውቶቡስ ይዞ እዚያው ይውረድ።

ጉም ካለ መጀመሪያ ወደ ገዳሙ ውረዱ፤ ነጠላ ያዙ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖት የመሠረቱት ገዳም ነው። ግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱ የተጨፈጨፉትም ከዚሁ ተወስደው ነው። ይህን እያወቁ መግባት ድምፅን ዝቅ ያስደርጋል።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ወደ አፋፉ ተመለሱና በእግር ወደ ድልድዩ ውረዱ። ስሙ የፖርቹጋል ይሁን እንጂ ራስ ዳርጌ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ነው ይባላል። አብዛኛው ሰው እዚያ ላይ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል፤ እኔ ግን ተቀምጣችሁ የገደሉን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች እንድታዩት እመክራለሁ። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ ገንፍሎ የረጋ እሳተ ገሞራ ነው። ከሥር ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ከዚያ እጅግ ይቀድማል፤ ይህ አገር ባሕር ውስጥ በነበረበት ዘመን የተነጠፈ ነው። የታችኛው ቶሎ ሲሸረሸር ጠንካራው የላይኛው ድጋፍ ያጣና ተገምሶ ይወድቃል። ገደሉ ቀጥ ብሎ የቀረው፣ ውሃውም ተወርውሮ የሚወርደው ለዚህ ነው። ድንጋዩ እርጥብ ስለሆነ ጫፍ ድረስ አትጠጉ፤ ልጅ ያለው እጁን አይልቀቅ።

አፋፉ ላይ ሣር የሚነጩት ደረተ ቀያይ ዝንጀሮዎች ጭላዳዎች ናቸው። ሙዝና ብስኩት አትስጧቸው፤ ከለመዱ ቦርሳ መንጠቅ ይጀምራሉ። ሌሊት የሚያድሩት ገደሉ ግድግዳ ላይ ነው።

ከ9 ሰዓት በፊት ወደ አስፋልቱ ውጡ፣ አመሻሽ ላይ ባዶ ወንበር ያለው መኪና ማግኘት ይከብዳል። ደግሞ ክዳን ያለው ዕቃ ከቤት ይዛችሁ ውጡ፤ የሰላሌ ቅቤ በፌስታል ተይዞ ፒያሳ አይደርስም።