ሩሌት ላይ «እጥፍ አድርግ» ላሏችሁ

ደሴ ፒያሳ ቡና ስንጠጣ ስለ ሩሌት (በሚሽከረከር ጎማ ላይ ኳሷ የትኛው ቁጥርና ቀለም ላይ እንደምታርፍ ስለሚገመትበት ቁማር) ተነሳና አንድ ወዳጄ «አብሽር፣ ቀይ ላይ አስይዝ፤ ከተበላህ እጥፍ አድርግ፤ አንዴ ሲወጣልህ ሁሉንም ትመልሳለህ» አለኝ። ወላሂ፣ ሲሰሙት ያሳምናል። ግን አስሉት። በ10 ብር ጀምራችሁ 7 ጊዜ በተከታታይ ከተበላችሁ 1,270 ብር ሄደ። ስምንተኛው ውርርድ 1,280 ብር ነው፤ ያውም 10 ብር ለማትረፍ! ኪሳችሁ ቢችል እንኳ አብዛኛው አጫዋች ቤት ለውርርዱ ጣሪያ አለው።

ዋናዋ ጉድ ዜሮዋ ናት። የአውሮፓው ሩሌት 37 ቁጥር አለው፦ 18 ቀይ፣ 18 ጥቁር፣ አንድ አረንጓዴ ዜሮ። እሷ ስትወጣ ቀዩም ጥቁሩም ይበላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ 100 ብር ውርርድ በአማካይ 2.70 ብር ለቤቱ ይቀራል። ሁለት ዜሮ ባለው የአሜሪካው ደግሞ 5.26። «አምስቴ ጥቁር ወጥቷል፣ አሁን ቀይ ነው» የሚለውንም እርሱት፤ እያንዳንዱ ዙር ለብቻው ነው።